ከባንኩ ከመውጣትሽ በፊት ለእናትሽ ክፈዪ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት መሐል ሜዳ ነው፤ አሁን ደብረ ብርሃን በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ እሠራለሁ። አሥር ዓመት ሞላኝ። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከመንዝ በግ ጸጉር በተሠራ ጨርቅ የሴት ካፖርት እያሰፋሁ ለሥራ ባልደረቦቼና ለጓደኞቼ እሸጣለሁ። ጸጉሩን እናቴ ትፈትለዋለች፣ አጎቴ ይሸምነዋል፣ እዚህ ደግሞ የማውቀው ልብስ ሰፊ ይሰፋልኛል። በ14 ወር 26 ሸጫለሁ። አንዱን በ6,000 ብር እሰጣለሁ፤ ወጪዬ 4,800 ብር ነው። አዲስ አበባ ቡቲክ ያላት አንዲት ሴት ‹ብዙ አምጪልኝ፣ ሲሸጥ እከፍልሻለሁ› ብላኛለች። አሜሪካ ያለች ጓደኛዬም እሸጥልሻለሁ ትላለች። የባንኩ ሥራ አንገፍግፎኛል። ተቀማጭ አምጡ፣ ታርጌት ሙሉ፣ እሑድ ሳይቀር ለደንበኛ ደውሉ ነው። ለቅቄ የራሴን የልብስ ብራንድ ልጀምር አስቤያለሁ። ባለቤቴ ፈርቷል፤ ከባንኩ የወሰድነው የቤት ብድርም አለ። እናቴ ደግሞ ‹ተምረሽ፣ ባንክ ገብተሽ፣ ወደ እንዝርት ልትመለሺ ነው?› ብላ አለቀሰች። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ መልሴን ሳላስጠብቅሽ ልንገርሽ። ዘንድሮ አትልቀቂ። ካፖርቱንም አታቁሚ።

አትልቀቂ ስልሽ ተይው ማለቴ አይደለም። ዘመድም ይሁን ባልደረባ፣ 26 ሰው ከኪሱ 6,000 ብር አውጥቶ የሠራሽውን ልብስ ለብሷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ሐሳብ ብቻ ይዞ ነው የሚጽፍልኝ፤ አንቺ ዕቃ ይዘሽ መጥተሻል። ግን ሥራው ራሱን ችሎ መቆም አለመቆሙን የሚያሳየው ቁጥር ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ያ ቁጥር ሳይወጣ ደሞዝ መተው ለአንቺም ለልጆቹም አደጋ ነው።

ከብድሩ ልጀምር። በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው። የባንክ ሰው ስለሆንሽ ጉዳዩን ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ሰው ግን የደንበኛን ብድር በሚያይበት ዓይን የራሱን አያይም። የባንክ ሠራተኛ የቤት ብድር ወለዱ ዝቅ የሚለው ሠራተኛ ስለሆነ ነው። ሲለቅ ያ ጥቅም ይቀራል። ብድሩ ወደ ገበያ ወለድ ይዞራል፣ ወይም ቀሪውን ዝጋ ይባላል። የትኛው እንደሚደርስብሽ የፈረምሽው ውል ላይ ተጽፏል። ዛሬ ማታ አውጪውና ከባለቤትሽ ጋር አንብቡት።

በምሳሌ እናስላው። ቀሪው ብድር 1,200,000 ብር ነው እንበል። በ7 በመቶ የዓመቱ ወለድ 84,000 ብር ነው። ወደ 17 በመቶ ቢዞር 204,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በዓመት 120,000፣ በወር 10,000 ብር ነው። አንድ ካፖርት 1,200 ብር ያተርፍልኛል ብለሻል። እንግዲህ የወለዱን ልዩነት ብቻ ለመሸፈን በወር ዘጠኝ ካፖርት መሸጥ ሊኖርብሽ ነው። እስካሁን የሸጥሽው በወር ሁለት እንኳ አይሞላም። ዘጠኙ ሁሉ ተሸጦም ለአስቤዛ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለአንቺ ድካም ገና ምንም አልተረፈም። የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበትና ድጋሚ አስሉት። ያንቺ ውል ከዚህ የተሻለ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ሳታይው ግን አትገምቺ።

ጡረታውንም አትርሺ። ከደሞዝሽ 7 በመቶ ከአንቺ፣ 11 በመቶ ከባንኩ በየወሩ ይገባልሻል። ስትወጪ ሁለቱም ይቆማሉ። የአሥር ዓመት አገልግሎትሽ በትክክል መመዝገቡን ገና ባንኩ ውስጥ እያለሽ አረጋግጪ። ከወጡ በኋላ ወረቀት ማሳደድ አድካሚ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። 4,800 ብር ወጪ ካልሽው ውስጥ የእናትሽ ድርሻ ስንት ነው?

ደብዳቤሽን ሳነብ ደጋግሜ የቆምኩት እዚህ ላይ ነው። የእናትሽ ክፍያ ያለ አይመስለኝም። ካለም ከከተማ ይዘሽላቸው የምትሄጂው ስኳርና ዘይት ነው። የበግ ጸጉር ደግሞ በመሸለት ብቻ ክር አይሆንም። ቆሻሻው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይነደፋል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ለአንድ ካፖርት የሚበቃ ድርና ማግ እስኪወጣ አንዲት ፈታይ ስንት ቀን ትቀመጣለች? አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ እያየሽ ነው ያደግሽው። አጎትሽስ ከአንቺ የሚወስዱት የሽመና ዋጋ ለሌላ ሰው ከሚጠሩት ጋር እኩል ነው? ልብስ ሰፊው «ለአንቺ ብዬ ነው» ብሎ ቀንሶልሽ እንደሆነስ? ከሥራ ወጥተሽ ጨርቅ ተሸክመሽ የምትሮጪበት ማታስ የት ተጻፈ?

ይህ ሁሉ አሁን የሚከፈለው በፍቅር ነው። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ 26 ካፖርትም ችሏል። 200 ካፖርት ግን አይችልም። ሥራው ሲሰፋ የእናትሽ እጅ ብቻ አይበቃም፤ የጎረቤት ፈታዮች ትጨምሪያለሽ። ያን ጊዜ ጎረቤቷ ዋጋዋን ትጠይቃለች። መጠየቋም ተገቢ ነው። ያ ቀን ሲመጣ 1,200 ያልሽው ትርፍ የት ይገባል?

ስለዚህ የማዝሽ ይህንን ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ለእናትሽ ክፈዪ። ለማታውቂያት ፈታይ የምትከፍዪውን ያህል፣ ሳትቀንሺ። «ከልጄ ገንዘብ አልቀበልም» እንደሚሉሽ አልጠራጠርም። በስማቸው የቁጠባ ደብተር ክፈቺና በየወሩ አስገቢላቸው። ለአጎትሽም የገበያውን ዋጋ ክፈዪ። ልብስ ሰፊውን «ለማንም ሰው ቢሆን ስንት ትጠይቅ ነበር?» ብለሽ ጠይቂውና ያንኑ ስጪው። ለራስሽም ደሞዝ ቁረጪ፤ ትንሽም ቢሆን ይጻፍ። ወደ መሐል ሜዳ የምትሄጂበትን ትራንስፖርት፣ የተበላሸውን ጨርቅ፣ በስጦታ የሰጠሽውን ካፖርት ሁሉ ደብተር ላይ አስፍሪ።

ከዚያ የአንዱ ካፖርት ዋጋ ይወጣል። ከ6,000 ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ምናልባትም በጣም ይበልጣል። አትደንግጪ። በአዲሱ ዋጋ ለማያውቁሽ ሰዎች ሽጪ። እስካሁን የገዙሽ አንዳንዶቹ ካፖርቱን ወደው ነው፣ አንዳንዶቹ አንቺን ወደው ነው። የማያውቅሽ ሰው በሙሉ ዋጋው ገዝቶ፣ ለብሶት ጓደኛውን ይዞ ከመጣ፣ ሥራ አለሽ ማለት ነው። ካልገዛ ደግሞ ይህን ያወቅሽው ደሞዝሽ በእጅሽ እያለ ነው።

ብርዱ አያታልልሽ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርን ውርጭ ያየ ሁሉ «እዚህ ካፖርት የማይሸጥ የት ሊሸጥ ነው?» ይላል። ግን የበረደው ሰው ሁሉ ያንቺን ካፖርት አይገዛም። ሰልባጅ ተራ ሄዶ በርካሽ ወፍራም ጃኬት ያነሣል። እሱን በዋጋ አታሸንፊውም፤ አትሞክሪውም። ያንቺ ገዢ ብርድ የሚከላከልበት አጥቶ የሚመጣ ሰው አይደለም። የመንዝን በርኖስ በአባቱ ወይም በአያቱ ትከሻ ላይ ያየ፣ ያንን ክብር ለቢሮ በሚሆን ልብስ መልበስ የሚፈልግ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደብረ ብርሃንም አለ፤ አዲስ አበባ ግን ይበዛል። ካፖርቱን ስታስተዋውቂ በጉ የት እንደተሸለተ፣ ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው ንገሪው። ጥቁሩና ቡናማው ቀለም የበጉ የራሱ ከሆነ፣ ያልተነከረ መሆኑን ንገሪው። የሚከፍለው ለዚህ ነው።

የእናትሽ እንባ ቀላል ነገር አይደለም። «አልገባቸውም» ብለሽ እንዳታልፊው። እሳቸው የሚያስታውሱትን አንቺ አላየሽውም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ በአገራችን ለዘመናት ተሰድበዋል። እዚያው ደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከሰው አፍ ወዲያው አልወጣም። እናትሽ አንቺን ትምህርት ቤት ሲልኩ እንዝርቱን እንድትረሺው ነበር። አሁን የተመለሰ መሰላቸው።

በቃል ብትከራከሪያቸው አታሳምኚያቸውም። ክፍያው ግን ሊያሳምናቸው ይችላል። በስማቸው ደብተር ላይ ገንዘብ ሲገባ፣ ጎረቤቶቻቸው «እኛንም አስገቢን» ብለው ሲመጡ፣ እንዝርቱ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። እኔ ብሆን አንድ ካፖርት ለእሳቸው አሰፋ ነበር። በልካቸው፣ ጥሩ ገበር ያለው፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱት። የፈተሉትን ክር ተሰፍቶ ለብሰውት ያውቃሉ?

ስለ ስፌቱ ትንሽ ልቆይ፤ የልብስ ብራንድ ልጀምር ብሎ የተነሣ ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነው። እስካሁን የሠራሽው ልክ እየወሰድሽ ለአንድ ሰው ማሰፋት ነው። ብራንድ ማለት ግን ሰውየውን ሳታዪ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ ብለሽ ማውጣት ነው። ለዚህ ፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ እየተለካ የሚቀደድበት የወረቀት ንድፍ ያስፈልግሻል። ፓተርን ለሚያወጣ ባለሙያ አንድ ጊዜ ደህና ገንዘብ ክፈዪ። እዚያ ላይ የቆጠብሽው ብር በኋላ «ትከሻው ያዘኝ፣ እጁ አጠረኝ» እየተባለ በሚመለስ ልብስ ያልቃል።

ፓተርኑ ከመውጣቱ በፊት የአጎትሽን ጨርቅ ስፋት ለኪ። የባህላዊ ሽመና ጨርቅ እንደ ፋብሪካ ጣቃ ሰፊ አይደለም። ለሰፊ ጣቃ የታሰበ ካፖርት ከጠባብ ጨርቅ ሲቀደድ ብዙ ቁርጥራጭ ይጥላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ስንት ቀን የተፈተለ ክር ነው። ቅዱ ጨርቁን ይከተል። ቀጥ ያለ፣ ስፌቱ ጥቂት፣ እንደ ካባ ለቀቅ ያለ ቅርጽ ጨርቅሽን አያባክንም፤ ልኩም ለብዙ ሰው ይሆናል። ሰደርያም ሞክሪ። ጨርቅ የሚወስደው ከካፖርት በጣም ያነሰ ነው፣ ዋጋውም ለብዙ ሰው ይደርሳል፣ ወንዱም ሴቱም ይለብሰዋል። ከካፖርቱ ይልቅ ቤትሽን የሚያቆመው ሰደርያው ቢሆን አይገርመኝም።

የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው፤ ይኮሰኩሳል። ገበር የሌለው ካፖርት አንገት ላይ ሲያርፍ ገዢው አውልቆ ይሰቅለዋል፣ ከዚያ አይለብሰውም። ኮሌታውና የእጅጌው ጫፍ ውስጡ በለስላሳ ጨርቅ ይያዝ። በሙቅ ውኃ ከታጠበ እንደሚኮማተር፣ ሳይታጠብ ተሸጉጦ ከከረመ ብል እንደሚበላው በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ኪሱ ውስጥ ክተቺ። ሰው ይህን ሳያውቅ አበላሽቶ አንቺን ይወቅሳል።

ገበሩ፣ ቁልፉ፣ ዚፑና ክሩ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ የእነዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደተቀየረ መርካቶ የወረደ ሁሉ ያውቃል። አምና ያሰላሽው 4,800 ብር ዛሬም 4,800 ነው ብለሽ አትመኚ። በየዙሩ እንደ አዲስ አስዪ። ለገዢ ዋጋ ስትነግሪም «ይህ ዋጋ ለዚህ ዙር ነው» በዪ።

ሰፊ ስትፈልጊ ከተማሽ የታደለች ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጋርመንት ውስጥ ገብተው ማሽን የለመዱ ወጣቶች ደብረ ብርሃን ውስጥ አሉ። ልብ በዪ ግን። በጋርመንት መስመር ላይ የምትሠራ ልጅ አንድ ነገር ደጋግማ ነው የምትሰፋው፤ አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ኪስ። ፈጣን ናት፣ ስፌቷም ንጹሕ ነው፤ ሙሉ ካፖርት ከቅዱ እስከ ቁልፉ ስጪ ብትያት ግን ሌላ ሙያ ነው የጠየቅሻት። አሁን ላለሽበት መጠን አንድ ሙሉ ሙያ ያለው ልብስ ሰፊና ከጎኑ አንዲት ፈጣን ልጅ ይበቁሻል። ማሽን ለመግዛትም አትቸኩዪ። በተሰፋው ልብስ ብዛት እየከፈልሽ አሰፊ፤ ማሽኑ የሰፊው ይሁን። የካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ የሚያስፈልግሽ ትእዛዙ ማሽን ሥራ ሳያስፈታ የሚያሠራ ሲሆን ነው።

የዓመቱን ዙር እንድታጠኚም እፈልጋለሁ። አንቺ የለመድሽው በየወሩ የሚገባ ደሞዝ ነው። የልብስ ገንዘብ እንዲህ አይገባም። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለጥር ሰርግ፣ ለፋሲካ ይገባል፤ በሁዳዴ ጾም ግን ሰርግም የለ፣ አዲስ ልብስም የሚገዛ ይቀንሳል። ካፖርት ደግሞ ዋናው ገበያው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ለዚያ ገበያ ጨርቁ መስከረም ላይ ተሸምኖ መጠበቅ አለበት። መስከረም ላይ እንዲደርስ ክሩ ክረምት ሳይገባ መፈተል አለበት፤ በክረምት የታጠበ ጸጉር መቼ ይደርቃል? ስለዚህ ገንዘብሽ በግንቦት ክር ሆኖ ይተኛና በታኅሣሥ ብር ሆኖ ይመለሳል። በመካከል ያሉትን ወራት ምን ትበያለሽ? አሁን ደሞዝሽ እየሸፈነው ስለሆነ አይታይሽም።

ለቡቲክ ቀጠሮ ስትሰጪ ደግሞ የመንዝን ወር ቁጠሪ፣ የአዲስ አበባን አይደለም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፤ ቅዳሜና እሑድም አለ። አጎትሽ በበዓል ቀን መወርወሪያ አያነሡም፣ አታስነሻቸውም። በእርሻና በአጨዳ ጊዜም እጃቸው ሌላ ቦታ ነው። መንገዱም አለ። በነዚህ ዓመታት በሰሜን ሸዋ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ለአንቺ አልነግርሽም። የአንድ ወር ሥራ የሚበቃ ጨርቅ ሁልጊዜ ደብረ ብርሃን ቤትሽ ይኑር። ለአዲስ አበባ «በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ» ያለ አፍ፣ ከሰላ ድንጋይና ከሞላሌ ወዲያ ያለውን ነገር ማስላት አለበት።

ቡቲኳን በተመለከተ አጭር ነኝ። «ብዙ አምጪልኝ፣ ሲሸጥ እከፍልሻለሁ» ማለት በአንቺ ገንዘብ ሱቋን ታስጌጣለች ማለት ነው። እስኪሸጥ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ክፉ ሰው ናት እያልኩ አይደለም፤ የብዙ ቡቲክ አሠራር ነው። አምስት ካፖርት ብቻ ስጪያት። ስንት እንደተረከበች፣ በስንት እንደምትሸጥ፣ ስንት እንደምትወስድ፣ በየስንት ጊዜ እንደምትከፍል፣ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል ተጽፎ ይፈረም። አምስቱ ተሸጠው ገንዘቡ እጅሽ ሲገባ አሥር ስጪ። ግማሹን ቀድማ የምትከፍል ከሆነ ደግሞ በደስታ ተቀበያት።

የአሜሪካዋ ጓደኛሽ በሻንጣ ጥቂት ይዛ ብትሄድ ለሙከራ ጥሩ ነው። በሻንጣ የሚሄድ ዕቃ ግን ንግድ አይሆንም። በጭነት ልላክ ስትዪ ቀረጥ አለ። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎአ፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ስላወጣች የእኛ ልብስ ያንን ዕድል አጥቷል። ትልልቆቹን ጋርመንቶች የጎዳው ይህ ነው፤ ለአንቺ የተለየ በር አይከፈትም። መጀመሪያ አዲስ አበባን አዳርሺ።

ስለ ድካምሽ። ታርጌቱ፣ የእሑዱ ስልክ፣ «ተቀማጭ አምጡ» የሚለው ጩኸት እውነት ነው፤ ብዙ የባንክ ልጆች ይህንኑ ይጽፉልኛል። አሥር ዓመት በዚህ ውስጥ የቆየ ሰው መድከሙ አይገርምም። ግን ድካሙ ነው ለካፖርቱ ወርቅ የሚቀባው ብዬ እሠጋለሁ። የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ በአሥር ዓመትሽ 20 ቀን ገደማ ይደርስሻል። የባንካችሁ የኅብረት ስምምነት ከዚያም ሊያበልጥ ይችላል። ቀኖቹን ሳትከፋፍዪ ውሰጂና ሙሉውን ለካፖርቱ ስጪው። ጠዋት ሰፊው ጋ፣ ከሰዓት ገዢ ፍለጋ፣ ማታ ሒሳብ። በሦስተኛው ሳምንት ልብሽ አሁንም እዚያው ከሆነ ሥራውን ወደሽው ነው። ተኝተሽ ማደር ብቻ ካማረሽ ደግሞ የሚያስፈልግሽ እረፍት ነበር፤ ለእረፍት ሲባል ሥራ አይለቀቅም።

እግረ መንገድሽን የሥራ ውልሽን እይ። ሠራተኛ ከባንኩ ውጭ የሚሠራውን ንግድ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ደንብ ካለ አሳውቂ። ካፖርት ባንኩን አይጎዳም፤ ሳታሳውቂ ለባንኩ ደንበኞች መሸጥ ግን ስምሽን ሊጎዳ ይችላል።

ባለቤትሽን እንደ እንቅፋት አድርገሽ ጽፈሽዋል። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ብድሩን ያስታወሰ ሰው ነው። ሒሳቡን ከእሱ ጋር ሥሩ። ደብተሩን እሱ ይያዝ፤ መምህር ነው፣ ማረም ያውቃል። ፍርሃቱ ቁጥር ሲያገኝ ወይ ይቀንሳል፣ ወይ ለአንቺም የሚበቃ ምክንያት ይሆናል። ልጆቻችሁ የሚያድሩበት ቤት ጉዳይ ስለሆነ «ወስኛለሁ» ብለሽ የምትነግሪው ነገር አይደለም፤ ሁለታችሁ የምትወስኑት ነው።

መቼ ልልቀቅ ካልሽኝ፣ አንድ ሙሉ ዙር አሳልፊ። ከመስከረም እስከ መስከረም። እናትሽ፣ አጎትሽ፣ ሰፊው፣ አንቺም ተከፍላችሁ፣ ብድሩ በአዲሱ ወለድ ተሰልቶ፣ ከዚያ በኋላም ከማያውቁሽ ገዢዎች የሚገባው ገንዘብ ቤቱን ከባለቤትሽ ደሞዝ ጋር ሆኖ ካቆመው፣ በሁዳዴና በክረምት ለምታልፉባቸው ወራት የሚሆን ተቀማጭም ካለሽ፣ ያን ጊዜ ማመልከቻሽን ጻፊ። ሕጉ የሚጠይቅሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ከአለቆችሽ ጋር በሰላም ውጪ፤ ነገ ለካፖርቱ ብድር ስትጠይቂ ፋይልሽን የሚያዩት የሙያ ጓደኞችሽ ናቸው።

እስከዚያው አሁኑኑ የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ ስሙ። ለብራንዱ ያሰብሽው ስም ካለ የንግድ ፈቃድ ላይ ማስገባቱ ብቻ አይበቃም። የንግድ ምልክት ሌላ ምዝገባ ነው፤ የሚመዘግበውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንዴ ከተመዘገበ ለሰባት ዓመት ይጠበቅልሻል፣ ከዚያ ይታደሳል። ቡቲኳ አምስቱን ካፖርት ከመረከቧ በፊት ማመልከቻሽን አስገቢ። ልብሱ ታዋቂ ሆኖ ስሙን ሌላ ሰው ቀድሞሽ ካስመዘገበው፣ በገዛ ካፖርትሽ ላይ የምትለጥፊው ስም ታጫለሽ።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከጥምቀት በኋላ የአንዱን ካፖርት እውነተኛ ዋጋ ጻፊልኝ፤ የሰደርያውንም ጨምረሽ።